ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆቻችን ምን ይሥሩ?

ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት ቀኑን ሙሉ ሥራ ማስያዝ ማለት አይደለም። የፈረቃ ትምህርት ባለባቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው የቀኑን ግማሽ ከመምህሩም ከወላጁም ዓይን ርቆ ያሳልፋል። ጠዋት የተማረው ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የሚማረው ደግሞ ጠዋት የት ይውላል? ከማን ጋር ይውላል? ምን እየሠራ ይውላል? አባቶቻችን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ። ልጆቻችንም ጠቃሚ ሥራ ካላገኙ ሌላ ነገር ማግኘታቸው አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሊሠሩ ስለሚችሏቸው ነገሮች፣ ከእነዚህም ውስጥ የሚስማማውን እንዴት መምረጥ እንደሚቻል እንመለከታለን። ጽሑፉ የተዘጋጀው በክሊኒካችን ወረፋ ለሚጠብቁ ወላጆችና ለራሳቸው ለተማሪዎቹ ነው።

ጉዳዩ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?

«የቤተሰብ ምጣኔ ድርጅት ስለ ክበብና ስለ ኳስ ጨዋታ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የቤተሰብ ምጣኔ ሲባል ክኒን፣ መርፌና በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ብቻ ይታየዋል። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ምጣኔ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። አንዲት ልጅ መቼ ላግባ፣ መቼ ልውለድ ብላ ማሰብ የምትችለው በመጀመሪያ የራሷ የሆነ ዓላማ ሲኖራት ነው። ዓላማ ያላት ልጅ «ቆይ፣ አሁን አይደለም» የምትልበት ምክንያት አላት። ወንዱም እንደዚሁ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 13 በመቶው ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰው ነበር። ይህ ዕድሜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ነው። አካሏ ገና ያልጠና ልጅ ስታረግዝ ምጥ ሊጠናባት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ሊያስከትልባት፣ እርዳታ ከዘገየም ለፊስቱላ ልትዳረግ ትችላለች። ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ ወይም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ዕድሜ ይዟል።

የእኛን አካባቢ ሁኔታ ደግሞ ለየት የሚያደርገው ነገር አለ። በደባርቅና በዳባት ከተሞች ከሚማሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ቤታቸው ሩቅ በመሆኑ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሆነው ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ወደ ቤታቸው በእግር ይሄዳሉ፤ እሑድ እንጀራቸውን፣ ድርቆሻቸውን፣ በሷቸውንና ሽሯቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። በኪራይ ቤት ማታ «የት ዋልሽ? የት አመሸህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አከራዩም የቤት ኪራይ ተቀባይ እንጂ ወላጅ አይደለም። በሌላ በኩል ጠላ ቤቱ፣ ጫት ቤቱ፣ የኳስ ውርርድ ቤቱና እስከ እኩለ ሌሊት የማይጠፋው የእጅ ስልክ አሉ። ለሴቷ ልጅ ደግሞ ስንቋ ሐሙስ ላይ ሲያልቅ ምሳ የሚጋብዝ፣ የስልክ ካርድ የሚሞላ፣ ኪራይ የሚከፍል «አዛኝ» ጎልማሳ ይመጣል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነትና የጸጥታ መጓደል ምክንያት ትምህርት በተደጋጋሚ መቋረጡም ሥራ የፈታውን ጊዜ አርዝሞታል። እንግዲህ የልጆቻችን ትርፍ ሰዓት የጤና ጉዳይም ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር

ማንኛውንም ሥራ ከመምረጥ በፊት ተማሪው በእርግጥ ስንት ትርፍ ሰዓት እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ተማሪን እንውሰድ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት 5 ቀናት 120 ሰዓት አለ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። በትንሹ 8 ሰዓት ብንይዝ በ5 ቀን 40 ሰዓት ይሆናል። ለትምህርት በቀን 5 ሰዓት ብንል 25 ሰዓት፣ ለጥናት በቀን 3 ሰዓት ብንል 15 ሰዓት ነው። ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራት፣ መብላት፣ ልብስ ማጠብና ቤት ማጽዳት በቀን 4 ሰዓት ቢወስድ 20 ሰዓት ይሆናል። ለመመላለሻ፣ ለመታጠቢያና ለዕረፍት ደግሞ በቀን 2 ሰዓት፣ በድምሩ 10 ሰዓት እንተውላት። ሁሉም ሲደመር 110 ሰዓት ነው። የሚቀራት 10 ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመንገድና ቤተሰብን በማገዝ ያልቃል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ 10 ሰዓት ትንሽ አይደለም፤ በቀን 2 ሰዓት ማለት ስለሆነ ያለ ሥራ ከተተወ ብዙ ነገር ሊበላሽበት ይችላል። ሁለተኛ፣ 10 ሰዓት ብዙም አይደለም፤ ሦስትና አራት ክበብ አይችልም። በመሆኑም ለአንድ ተማሪ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሥራ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሚወስድ ቢሆን ይበቃል። የቀረው ለዕረፍትና ለጓደኛ ይቅር። እንቅልፍንና ጥናትን ቀንሶ የሚመጣ ማንኛውም ሥራ፣ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ትርፍ የለውም።

ሴትና ወንድ አብረው በሚማሩበት ቤት ደግሞ ስሌቱን ለየብቻ መሥራት ይገባል። እህትና ወንድም አንድ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ 4 ሰዓት የቤት ሥራ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በእህት ላይ ነው። ወንድም ቢያንስ ውኃውን ቢቀዳና ዕቃውን ቢያጥብ እህት በሳምንት ብዙ ሰዓት ታተርፋለች። «ጊዜ የላትም» ከማለታችን በፊት ጊዜዋን ማን እንደወሰደው እንይ።

ምን ምን አማራጮች አሉ?

1. የትምህርት ቤት ክበባት። ፀረ ኤድስ፣ የሴት ተማሪዎች፣ የቀይ መስቀል፣ የሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ጽሑፍና ድራማ፣ የአካባቢ ጥበቃና የመሳሰሉት ክበባት በትምህርት ቤቶቻችን የተለመዱ ናቸው። ትልቁ ጥቅማቸው ወጪ የሌላቸው፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሚካሄዱና ተጠያቂ መምህር ያላቸው መሆኑ ነው። በቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ እርዳታ መማር ይቻላል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በዚህ ሥራ የቆየ ልምድ አለው። ገደልና ዳገት በበዛበት አገራችን ደም ማቆምና የተሰበረ አጥንት ማሰር የሚያውቅ ወጣት በየቀበሌው ያስፈልጋል።

2. ስፖርት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከገጠር በእግሩ የሚመላለስ ተማሪ ይህን በመንገዱ ያገኘዋል። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ግን ሩጫ፣ መረብ ኳስና እግር ኳስ ጥሩ ናቸው። ስፖርት ለሴቶች ልጆችም ይሆናል፤ መሮጥና መዝለል ማኅፀንን ይጎዳል የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው። በወር አበባ ጊዜም ቢሆን የማያማት ልጅ ስፖርት ብትሠራ ጉዳት የለውም።

3. የጥናት ማጠናከሪያ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ወላጅ ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢጓጓ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሚከፈልበት ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። አራት አምስት ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው አንዱ ለሌላው የሚያስረዳበት የጥናት ቡድን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያስረዳው ልጅም ይበልጥ ይገባዋል። ከማስጠንቀቂያ ጋር የምንናገረው ግን አለ፤ አንዲት ልጅ ለብቻዋ በአስጠኚው መኖሪያ ቤት፣ በተለይም ምሽት ላይ፣ ማጥናት የለባትም።

4. የእጅ ሥራና የሙያ ሥልጠና። ስፌት፣ ጥልፍ፣ ከበግ ፀጉር ቆብ መሥራት፣ ኮምፒውተር፣ የስልክ ጥገና፣ እንጨት ሥራ የመሳሰሉት ከትምህርት ጎን ለጎን ሊለመዱ ይችላሉ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው፣ ፈተናው ቢከብድ ሙያው ይደግፋል። ሙያ ያላት ልጅ ምሳ የሚጋብዛት ሰው አያስፈልጋትም።

5. ከስሜን ተራሮች ጋር የተያያዘ ሥራ። ይህ ለእኛ አካባቢ ልጆች የተሰጠ ዕድል ነው። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የነበረ ሲሆን፣ በተደረገው ጥረት በ2009 ዓ.ም. ከዝርዝሩ ወጥቷል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ ቦታ የለም። ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ጅባራውን በስማቸውና በጠባያቸው የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛም የሚችል ተማሪ ነገ አስጎብኚ፣ የፓርክ ሠራተኛ ወይም ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብም ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ክፍል እየቀሩ ቱሪስት መከተልን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ በቱሪስት ብቻ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተሰቦች ምን ያህል እንደተቸገሩ አይተናል። ስለዚህ ዕውቀቱን ይያዙ፤ ትምህርቱን ግን አይልቀቁ።

6. ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ። ቤተሰቡ የተቸገረ ተማሪ መሥራቱ ነውር አይደለም። ሆኖም ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት የለበትም። ለሚማር ልጅ 7 ሰዓትም ቢሆን እጅግ ብዙ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ማስተናገድ ለተማሪ ሴት ልጅ የሚመከር ሥራ አይደለም።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ልጁ ራሱ ፈልጎታል ወይ? አባት ስለወደደው ብቻ የተጀመረ ሥራ በሁለተኛው ወር ይቆማል። በሌላ በኩል ጓደኛ ስለገባ ብቻ መግባትም ምርጫ አይባልም። ለአንድ ወር ሞክሮ እንዲወስን ዕድል መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ማን ነው የሚመራው? ስሙን፣ ሥራውን፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ይወቁ። ስብሰባው ሰው በሚያየው ቦታ መሆን አለበት። ወላጅ እንዲመጣ የማይፈልግ መሪ አይታመንም።

ሦስተኛ፣ ስንት ሰዓት ይጀምራል? ስንት ሰዓት ያልቃል? ከማንስ ጋር ይመለሳሉ? በደባርቅና በዳባት ደጋ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይመጣል፤ መንገዱም ጭር ይላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሁሉም ከየቤቱ መግባት አለበት።

አራተኛ፣ ምን ያህል ያስወጣል? ማሊያ፣ ጫማ፣ መዋጮ፣ መጓጓዣ ተደምረው ይታሰቡ። ወላጅ ያልቻለውን ሌላ ሰው «እኔ እከፍላለሁ» ካለ ለምን እንደሚከፍል ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ ልጁ ምን ያውቃል? ቁስል ማሰር? በሕዝብ ፊት መናገር? አንድ ሹራብ መጨረስ? መልስ ከሌለ ክበቡ በስም ብቻ ያለ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፣ የሴቶቹ ድርሻ ምንድን ነው? ሴቶቹ ቡና አፍልተው፣ ወንበር ጠርገው፣ ወንዶቹ ብቻ የሚናገሩበት ክበብ ለሴት ልጅ ከቤቱ ሥራ የተለየ ነገር አልሰጣትም።

የሞሰቦ ልምድ ምን ያስተምረናል?

በክልላችን በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ሴቶች ልጆች ከዚያው አካባቢ በተመረጡ ሴት አማካሪዎች እየተመሩ በቡድን ይሰበሰቡ፣ ማንበብና መጻፍ፣ የእጅ ሙያና ስለ ጤናቸው ይማሩ ነበር። በትምህርት ላይ ያሉት የትምህርት መሣሪያ ይታገዙ ነበር። ወላጆችና ሽማግሌዎች ደግሞ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይወያዩ ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ ፕሮግራሙን ላስጨረሱ ቤተሰቦችም በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት ልጆች ፕሮግራሙ ካልነበረበት አካባቢ ልጆች ይልቅ በትምህርት ላይ ተገኝተዋል፤ የመዳር ዕድላቸውም እጅግ ቀንሶ ታይቷል። ከ15 እስከ 19 ዓመት በሆኑት ግን በጋብቻ በኩል ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር ልጅቱ 10ኛ ክፍል እስክትደርስ መጠበቅ እንደሌለብን ነው። ታናናሾቿም ከወዲሁ ቡድን፣ አማካሪና ሙያ ያስፈልጋቸዋል። ሌላው ትምህርት ደግሞ ወላጅ ያልገባበት ክበብ ግማሽ ክበብ መሆኑ ነው።

ይህን በክሊኒካችንም እናየዋለን። አንድ አባት ባለቤታቸውን ለመርፌ ይዘው መጥተው ነበር። «ሲስተር፣ እስቲ ልጠይቅሽ። ልጄ ክበብ ገባሁ አለችኝ። ዓርብ ዓርብ እያመሸች ነው ቤት የምትገባው። ክበብ ማለት ምንድን ነው? ከትምህርቱ ላወጣት ነው» አሉኝ። «አባባ፣ ክበቡን ሄደው አይተውታል?» አልኳቸው። አላዩትም ነበር። ከትምህርት ከማስወጣትዎ በፊት አስተባባሪውን መምህር ያነጋግሩ ብዬ መከርኳቸው። ሲመለሱ እንደነገሩኝ ክበቡ ሚኒ ሚዲያ ነበር፤ ልጅቱም ዜና አንባቢ ሆናለች። የገጠር ልጆች ዓርብ መንገድ እንዳለባቸው መምህሩ አላሰበበትም ነበርና ስብሰባው ወደ ረቡዕ ተዛወረ። አባት የጠሉት ጨለማውን እንጂ ክበቡን አልነበረም። ሳይጠይቁ ቢወስኑ ኖሮ ግን ልጅቱ ከትምህርቷ ትቀር ነበር፤ ከትምህርት የቀረች ልጅ ደግሞ በእኛ አገር ቀጥሎ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ምርጫው እንዳልተስማማ የሚያሳዩ ምልክቶች

የሚከተሉትን ካዩ ቆም ብለው ያስቡ። ውጤት መውረድ፤ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስልክ፣ ጫማ ወይም ገንዘብ፤ የመጠጥ ሽታ፤ ድንገተኛ ዝምታና ከቤተሰብ መራቅ፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» የሚል የክበብ መሪ ወይም አሠልጣኝ።

እነዚህን ያየ ወላጅ ብዙ ጊዜ ወደ ዱላ ይሮጣል። ዱላ ግን ልጁን የበለጠ ይዘጋዋል። በእርጋታ ይጠይቁ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። ቀጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ። ጥቃት ከደረሰ ግን ጊዜ አይስጡ። ከ18 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ አዋቂ ሰው የሚፈጽመው የግብረ ሥጋ ድርጊት በሽምግልና የሚያልቅ ነገር ሳይሆን ወንጀል ነው። ተገዳ የተደፈረች ልጅ ልብሷን ሳትቀይርና ሳትታጠብ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ትምጣ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ እነርሱም እንዲሁ ሳይዘገዩ ይምጡ።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ልጅዎ ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁት። ከትምህርት በኋላ የት ትውላለህ? ምን መሥራት ትወዳለህ? የክበቡ መምህር ማን ይባላል? ለገበያ ወደ ከተማ በወጡበት ቀን ደግሞ በኪራይ ቤቱና በትምህርት ቤቱ በኩል ብቅ ይበሉ። ሰው የሚጠይቃት ልጅ መሆኗን አከራዩም ሌላውም ሰው ይወቅ።

ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ከላይ እንዳደረግነው የራሳችሁን 120 ሰዓት በወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ነገር ምረጡ፤ ለአንድ ወር ሞክሩት። ካልተስማማችሁ መተው ይቻላል፤ ግን በምትኩ ሌላ ፈልጉ። ስለ ሰውነታችሁ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ፍቅር ግንኙነትና ስለ እርግዝና መከላከያ ጥያቄ ካላችሁ ወደ እኛ ኑ። ያገባም ያላገባም፣ ሴትም ወንድም ይስተናገዳል፤ የምትነግሩንም ምስጢር በእኛ ዘንድ ይጠበቃል። ፈረቃችሁ ጠዋት ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ጠዋት መምጣት ትችላላችሁ።

የክበብ አስተባባሪ መምህራንም ስለ ጉርምስና ጤና ለተማሪዎቻችሁ ገለጻ እንዲደረግ ከፈለጋችሁ ካርድ ክፍል ጠይቁን፤ ቀን ተነጋግረን እንመጣለን።